በአንድ ፌስታል የተላከው የሰፈራችን ምራቅ

የእድራችን ዕቃ ቤት የተሰበረው ሚሌኒየሙ ካለፈ በኋላ ነው፤ አምቦ ውስጥ ሰው ሞባይሉን በክር አንገቱ ላይ ማንጠልጠል በጀመረበት ሰሞን። ሌባው የመስኮቱን መስታወት ሰብሮ ገብቶ ትልልቆቹን ብረት ድስቶችና የድንኳኑን ሸራ ይዞ ሄደ። ከስብርባሪው በአንዱ ላይ ደም ተገኘ። የጫማና የበግ ሌባ ሰፈራችን ያውቃል። የለቀስተኛ መጠለያ የሚሰርቅ ግን አይቶ አያውቅምና ሰው ሁሉ እንደ ተነካ ንብ ተነሣ።

ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ተጠርጣሪ ተገኘ። እኔ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ሰው ነው። አገሩ ካቺሲ ሲሆን፣ ከባኮ በቆሎ ጭነው በሚመጡ መኪናዎች ላይ ጫኝና አውራጅ ነበር። ለፋሲካ ሚስቱን ሊያመጣ አስቦ ግድግዳውን በጋዜጣ ሲለጥፍ ነው የእድሩ ሰዎች የመጡበት። ጣቱ ላይ ጨርቅ ታስሯል።

«ደም መስታወቱ ላይ፣ ጨርቅ እጁ ላይ፤ ከዚህ በላይ ምን ምስክር ያስፈልጋል?» አሉ፤ ወደ ፖሊስ ጣቢያም ወሰዱት።

ያንን ጨርቅ ያሰርኩለት እኔ ነኝ። ዕቃ ቤቱ ከመሰበሩ በፊት በነበረው ቀን የመኪና በር ጣቱን ቆርጦት መጥቶ፣ ከአሮጌ ነጠላዬ ጫፍ ቀድጄ ነው ያሰርኩለት። ይህንኑ ለእድራችን ዳኛ ነገርኳቸው። ዳኛው ጡረታ የወጡ የቢሮ ሰው ናቸው፤ «በመሠረቱ» ሳይሉ ጨው እንኳ አያስቀርቡም።

«በመሠረቱ አዴ፣ እርስዎ አከራይዋ ነዎት» አሉኝ፤ በኦሮምኛ አዴ ወይዘሮ፣ ኦቦ ደግሞ አቶ ማለት ነው።

«ኦቦ፣ ቤት ማከራየት ዓይን ያጠፋል?»

«አያጠፋም። ግን ያዳላል።»

እኔ አዳላሁ። እሳቸው ሰውየው ከካቺሲ መምጣቱን ብቻ አይተው የፈረዱት ግን አላዳሉም! ልጃቸው ጣቱን ቢያስር «ምን ነካው?» ይሉ ነበር እንጂ «ያዙት» አይሉም።

ጉዳዩን የያዘው ሳጅን ገና ከአዲስ አበባ ሥልጠና መመለሱ ነበር። ከሥልጠናው ይዞ የመጣው አንድ ቃል ነው፤ ዲኤንኤ። ቃሉን እንደ አዲስ ሰዓት ነበር የያዘው። ሰው ባይጠይቀውም እጅጌውን ሰብስቦ ያሳያል።

«ዲኤንኤ ማለት በሰው ደም፣ በሰው ምራቅ፣ በፀጉሩ ሥር ያለ ማንነት ነው። ሰው ይዋሻል፤ ዲኤንኤ አይዋሽም» አለን።

እኔ አራተኛ ክፍል አልጨረስኩም፤ ይህ ግን ወዲያው ገባኝ። ደስም አለኝ። የመስታወቱ ደም የእሱ ካልሆነ ሰውየው ይፈታል፤ የእሱ ከሆነም እኔው ራሴ «ይገባዋል» እላለሁ። ደም የካቺሲና የአምቦ ሰው አይለይም። ከዚያ የተሻለ ዳኛ ከየት ይመጣል?

ሳጅኑ መስታወቱን በወረቀት ጠቅልሎ አስቀመጠ። ደሙ የማን እንደሆነ ለማወዳደር ከሰፈሩ ሰው ምራቅ ያስፈልጋል አለ። ዳኛው ይህን ሲሰሙ አውጫጭኝ ጠሩ። አውጫጭኝ የአባቶች ሥርዓት ነው፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ ይቀመጣል። እኛም ከቀበሌው ግቢ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጥን።

ምራቅ የሚባለው ነገር ሲነሣ ጭንቅ ሆነ። በጾም የማይስማሙት፣ በጸሎት አደራረግ የማይስማሙት፣ የኦርቶዶክሱም የፕሮቴስታንቱም ሰው ያን ቀን ተስማሙ፤ ምራቁን የሚሰጥ የለም።

«መተተኛ እጅ ቢገባስ?» አለች አንዲት የማኅበር ጓደኛዬ።

«ሽማግሌ የሚመርቅበትን ምራቅ ለፖሊስ?» አሉ ከወንጪ መጥተው ልጃቸው ጋ የተቀመጡ አንድ አባት።

ከኋላ አንዱ ተነሥቶ አያቶቹ ከመንዝ እንደመጡና ዘራቸው ሌባ እንደማያውቅ ተናገረ። ሌላው ወዲያው ተነሥቶ አባቶቹን በኦሮምኛ እስከ ላይ ድረስ ቆጠረ፤ ከእነሱም መካከል ሌባ የለም። ሳጅኑ ሁለቱንም «ዲኤንኤ አያት አይጠይቅም» ብሎ አስቀመጣቸው።

እዚህ ላይ አንድ አስተማሪ ባይናገር ይሻል ነበር። «እንዲያውም ይጠይቃል። የልጅ አባት ማን እንደሆነ የሚያወጣው ይኸው ምርመራ ነው» አለ።

ከዚያ አንዱ ሰው ከብቶቹን ውኃ እንዳላጠጣ ትዝ አለው። አንዱ የባንክ ጉዳይ ትዝ አለው፤ ዕለቱ እሑድ ነበር። የተከበሩ አባወራዎች ስለ ሌባው ማሰብ ትተው በየራሳቸው ሐሳብ ገቡ።

እኔ ተነሣሁ። «ሳጅን፣ ጥጥህን አምጣ። ከእኔ ጀምር።»

«እማማ፣ የምንፈልገው ወንድ ነው።»

«መስታወቱ ላይ ያለው ደም ፂም አለው እንዴ?»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አፌን ከፈትኩና ጥጡን ጉንጬ ውስጥ አሻሸሁ። አሮጊት ከሰጠች ጎልማሳ እንዴት እምቢ ይላል? ሴቶቹም ተከተሉኝ። ወንዶቹ አፈሩ፤ ግን ሽማግሌ ካልገባበት አንሰጥም አሉ። ሽማግሌዎች ተመረጡና ገለል ብለው ተማከሩ። የእኛ አገር ሽማግሌ ጥሩ ነው፤ ሁለት ሰው ሲጣላ ማንንም ሳያሳፍር ያስታርቃል። ክፋቱ፣ ለሌባ ምርመራም ሌላ ዘዴ አያውቅም።

ተመልሰው ውሳኔያቸውን ተናገሩ። «ሁሉም ይስጥ። ነገር ግን ስም አይጻፍ። የጨዋ ሰው ስም ከሌባ ጋር ተጠርዞ አዲስ አበባ ድረስ መሄዱ ነውር ነው።»

ሰፈሩ አጨበጨበ። ዳኛው ቀጠሉበት፤ «በመሠረቱ የተሰረቀው የጋራ ንብረት ነው። ምራቁም የጋራ ይሁን።»

እናም ሰው ሁሉ ጥጡን ጉንጩ ውስጥ እያሻሸ በአንድ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ከተተ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

«ሳጅን፣ ወፍጮ ቤት ስንሄድ እንኳ እህላችን እንዳይቀላቀል ጆንያችን ላይ ምልክት እናስራለን። ይኼ የማን የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

«እማማ፣ እሱን ሳይንሱ ራሱ ይለየዋል» አለኝ። ሥልጠናው ላይ ያን ቀን ቀርቶ እንደነበር ጠረጠርኩ።

ፌስታሉና መስታወቱ አዲስ አበባ ሄዱ። ተከራዬ ጣቢያ ቆየ። ምሳ እየቋጠርኩለት እመላለሳለሁ። ባየኝ ቁጥር ቆሞ «ሀርሜ» ይለኛል፤ በኦሮምኛ እናቴ ማለቱ ነው።

«ሀርሜ፣ የደሙ መልስ መጣ?»

«አልመጣም። ሂን ሶዳቲን፤ አትፍራ።»

«አልፈራም። ደሜ ያውቀኛል። የምፈራው ሚስቴ እንዳትሰማ ነው። አባቷ እኔ ሌባ መባሌን ከሰማ አይልክልኝም፤ ለሌላ ይድራታል።»

መልሱ በስልክ መጣ። አዲስ አበባ ያለው ምርመራ ቤት በፌስታል የተላከው ምራቅ የብዙ ሰው መሆኑን፣ መቀላቀሉንና ከመስታወቱ ደም ጋር ማወዳደር እንደማይቻል ለሳጅኑ ነገረው። ሌላ ሰው ቢሆን ያፍር ነበር። የእኛ ሳጅን ግን ደስ ብሎት ወጣ።

«እንዳልነው ነው! ምርመራው ብዙ ሰው መሆኑን አረጋግጧል። ግብረ አበሮች አሉት» አለ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። ትናንት አንድ ሌባ የነበረን ሰዎች ዛሬ የወንበዴ ቡድን ኖረን። ዳኛውም «በመሠረቱ አንድ ሰው ያንን ሁሉ ድስት ብቻውን አይሸከምም፤ ሳይንሱም ደገፈን» አሉ። ሰው በሩን በሁለት ቁልፍ መዝጋት ጀመረ።

ምሳ ይዤ ስሄድ ተከራዬ ዓይኑ ቀልቷል። ግብረ አበሮችህን ተናገር፣ አለዚያ ፍርድ ቤት ስትቀርብ ይከፋብሃል ብለው ይዘውታል።

«ማል ጎዳ ሀርሜ? ምን ላድርግ? ማንን ልጥራ? እኔ አምቦ ውስጥ ከእርስዎ በቀር የማውቀው የለ።»

«እንግዲያው እኔን ጥራ» አልኩት።

የቀለድኩ መሰለው። አልቀለድኩም። ፌስታሉ ውስጥ ያለው ብዙ ሰው እኛው ነን። ወደ ሰፈር ተመልሼ ምራቅ የሰጡትን ሴቶች ሰበሰብኩ። «ፖሊስ ግብረ አበር ይፈልጋል። የተገኘው ምራቅ የእኛ ነው። ሕግ ከሆነ ሕግ ነው፤ ጋቢያችሁን ያዙ» አልኳቸው። አንዳንዷ ሳቀች፣ አንዳንዷ ፈራች። ብዙዎቹ ግን ጋቢያቸውን ይዘው መጡ። ጣቢያው ግቢ ገብተን በረንዳው ላይ ተደርድረን ተቀመጥን።

ኢንስፔክተሩ ከቢሮው ወጣ። የጣቢያው አለቃ እሱ ነው። «እናቶች፣ ምን ሆናችሁ?»

«ልንታሰር መጥተን ነው» አልኩት።

«በምን ወንጀል?»

«በድስት።»

ሳጅኑን አስጠራው። እኔ ነገሩን ከአውጫጭኙ ጀምሬ እስከ ስልኩ ነገርኩት። ኢንስፔክተሩ መጀመሪያ ሳቁን ይዞ ነበር የሚሰማኝ፤ ፌስታሉ ላይ ስንደርስ ሳቁ ጠፋ።

«ሁሉንም በአንድ ፌስታል?» አለው ሳጅኑን።

«ሽማግሌዎች ወስነው ነው ጌታዬ።»

እኔ ጣልቃ ገባሁ። «እሺ ይሁን፤ የእኛ ተቀላቀለ። የእሱስ? የታሰረው ሰው ምራቅ ከመስታወቱ ጋር ለብቻው ታየ ወይ?»

ሳጅኑ ያልገባው ሰው ሆኖ አየኝ። «የእሱን አልወሰድንም እኮ።»

«ምን አልክ?»

«እሱማ ተይዟል! የተያዘን ሰው መመርመር ምን ያደርጋል? ጥጡም ውስን ነበር።»

አንዲቷ ሴት ጋቢዋን አፏ ላይ አድርጋ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ ስታለቅስ ነው ወይስ ስትስቅ አልታወቀኝም። አሮጊቶች፣ የሰፈሩ ሰባኪ፣ አስተማሪው፣ ከወንጪ የመጡት አባት ሳይቀሩ ተመርምረዋል። ያልተመረመረው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የታሰረው።

ኢንስፔክተሩ ቆቡን አውልቆ እንደገና አደረገው። ከዚያ በዋስ እንዲወጣ አዘዘ። «ዋስ ማን ይሆናል?» ሲል ሴቶቹ በአንድ ላይ ተነሡ።

ተከራዬ ቀበቶውን በእጁ ይዞ ወጣ። ተያይዘን አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ከኋላችን ሩጫ ሰማን። ሳጅኑ ነው፤ አንድ ጥጥ ይዞ።

«ቁም! አፍህን ክፈት፤ የአንተን ልላክ» አለው እያለከለከ።

ተከራዬ ወደ እኔ ዞረ።

«ክፈትለት፣ ልጄ» አልኩት።

ከፈተ። ሳጅኑ ጥጡን አሻሽቶ ኪሱ ሊከት ሲል እጁን ያዝኩት።

«ስሙን ጻፍበት።»

«ጣቢያ እጽፋለሁ እማማ።»

«እዚሁ ጻፍ። ከነአባቱ ስም።»

እስክሪብቶ አልያዘም ነበር። አንዱን የጋሪ ነጂ አስቁመን እስክሪብቶ ጠየቅነው፤ የለውም። ወደ ሱቅ ላክነው። እስኪመለስ ድረስ የሳጅኑን እጅ አልለቀቅኩም፤ ሴቶቹም አስፋልቱን ዘግተው ቆሙ።