በሁምቦ ጫካ ጥግ የጠበቅሁት በቆሎ

የዝንጀሮ ጩኸት ዛሬም ጆሮዬ ሲገባ እግሬ ራሱ ይነሳል፣ ቁጭ ብዬ መስማት አልችልም። ልጅ ሆኜ ቤታችን ሁምቦ፣ ከተራራው ስር ነበር፤ ተራራው ያኔ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ሆኖ፣ ማሳችን ከጫካው ጋር ተያይዞ ነበር።

በልግ ሲዘንብ አባቴ በቆሎ ይዘራ ነበር። ክረምት ገብቶ እሸት ሲይዝ እኔና ታላቅ እህቴ ቦጋለች እሱ በሠራልን ማማ ላይ ወጥተን፣ ቆርቆሮ እየመታን፣ «ሆ! ሆ!» እያልን ዝንጀሮ ስንከላከል እንውል ነበር። ቦጋለች መቀመጥ ትችላለች፣ እኔ ግን እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ፣ ደግሞ እወርዳለሁ።

«አንቺ፣ ቂጥሽ ላይ ጉንዳን አለ እንዴ?» ትለኝ ነበር።

አንድ ዓመት አባቴ ገና ሲዘራ «ይሄ በቆሎ ካልደረሰ ላሟን ነው የምንሸጠው» ብሎ ነበር። ያለችን ላም እሷው ብቻ ነበረች፤ የእናቴ ጡት ደርቆ ትንሹ ወንድሜ በላሟ ወተት ነበር የሚኖረው።

በዚያው ክረምት አንድ ቀን ቦጋለች ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ «እኔ እስክመጣ እንዳትወርጂ!» አለችኝ። ወዲያው አንዲት ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ስትዘል አየሁ፣ ሆዷ ላይ ልጇ ተለጥፎ፣ ያውም ሁለመናው ነጭ! ወርጄ፣ ከብት በሚሄድበት ቀጭን መንገድ ገብቼ፣ ትንፋሼን ይዤ ከስር ከስር ተከተልኳት። እሷ ቅርንጫፍ ላይ አርፋ ልጇን ስትዳብስ እኔም ቆሜ አየኋት። በዕድሜዬ ዝም ብዬ የቆምኩት ያን ቀን ብቻ ነው መሰለኝ።

ከዚያ በማሳው በኩል ዝንጀሮ ጮኸ። ሮጬ ስደርስ መንጋው ገብቶ፣ አገዳውን እየሰበረ፣ አንዱን ነክሶ እየጣለ ሌላውን እየያዘ፣ ከግማሽ በላይ ጨርሶታል። አባቴ አልመታኝም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

በጋ ሲገባ ላሟን ወደ በዴሳ ገበያ ነዳት። ወንድሜ ከሳ እንጂ አልሞተም፤ ግን ሲያለቅስ እናቴ ወደ እኔ አታይም ነበር። በኋላ ሰዉ ጫካውን ለከሰልም ለእርሻም ሲጨርሰው፣ አባቴ ምሳር ይዞ ከፊት ሲሄድ፣ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ተራራው ተከልሎ፣ አሁን ዛፉ ተመልሷል። ሰሞኑን ይህቺ ታሪኬን የምትጽፍልኝ የልጄ ልጅ አሁን ከምኖርበት ከሶዶ ወስዳኝ፣ ከሌሎች ጎብኚዎች ጋር ለእግረኛ የተሠራውን መንገድ ይዘን ወደ ተራራው ወጣን፣ ወጣቶች በሳይክል በአጠገባችን እልፍ እያሉ። አስጎብኚው ሩቅ የሚያሳይ መነጽር ሰጥቶኝ «እማማ፣ አሁን ይመጣሉ፣ ድምፅ እንዳያሰሙ» አለኝ። ዝንጀሮዎቹ ብቅ ሲሉ ግን ሳላስበው ተነስቼ፣ ድንጋይ አንስቼ ጮህኩባቸው። አንድ አልቀረም፣ ሁሉም ጠፉ።

«አያቴ! ምን ሆነሽ ነው? ሰው ፎቶ እያነሳ!» አለችኝ ይህቺ የልጄ ልጅ። ሰዉ ሳቀ፣ አስጎብኚው ተቆጣ።

ያኔ ዝም ብዬ በማየቴ ቤቴን ጎዳሁ፤ ዛሬ ደግሞ ሰው ዝም ብሎ ሊያይ ከሩቅ ይመጣል። ጫካው መመለሱን አልጠላሁም፣ ጥላውም ደስ ይላል። ብቻ እነሱ መነጽራቸውን ወደ ዛፉ ሲያነሱ፣ እኔ ወደ ታች አዙሬ ከጫካው ስር ያለውን የሰው በቆሎ አየሁ፤ ማማ የለውም፣ ጠባቂ አላየሁበትም፣ አርፌ መቀመጥ አቃተኝ።