ክዳኑ የተበሳው ፕላስቲክ

ከትምህርት ቤት ውጭ ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ ጽፌ አላውቅም፤ እነሱንም የጻፍኋቸው ፖሊስ ጣቢያ ነው። እንዴት እንደሚጀመር ስለማላውቅ ከተያዝሁበት ልጀምር።

ሐምሌ ነበር። ከቢቸና ወጣ ብሎ ባለው ማሳችን ጤፍ እየዘራን ሳለ ሁለት ፖሊሶች በጭቃው መጡና ስሜን ጠሩ። በእጄ የያዝሁትን የውሃ ፕላስቲክም ወሰዱት። ውስጡ የጤፍ ዘር አለ፤ ክዳኑ በምስማር ተበስቷል።

«ኤግዚቢት ነው» አለ አንደኛው።

አባቴ «ልጆቼ፣ እሱን እንኳ ተዉልን፤ ዘሩ አላለቀም» ብሎ ለመናቸው።

ጥፋቴ በቀበሌ ስብሰባ ያነሣሁት ጥያቄ ነበር። ሰብሳቢው የሞቱትን መሪ ፎቶ ከጀርባው ሰቅሎ፣ ጤፍን በመስመር መዝራት የእሳቸው ራዕይ እንደሆነ፣ በብተና የሚዘራ ሰው ራዕያቸውን እንደከዳ ይቆጠራል አለን። እኔ ሰው በተሰበሰበበት ተናግሬ አላውቅም። ያን ቀን ግን ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ተነሣሁ።

«አባቴ በአንድ ጠዋት በትኖ ይጨርሰው የነበረውን አሁን ቤተሰቡ በሙሉ ሳምንት ይጎነበስበታል። አምና ሰባተኛ ክፍል ልመዘገብ ቢቸና መሄድ ሲገባኝ ማሳ ላይ ቀረሁ። እሳቸው ግን ጤፍ ዘርተው ያውቁ ነበር?»

ሰው ሳቀ። ሰብሳቢው አልሳቀም።

የሴቶቹ ክፍል ጠባብ ነው፤ እርጥብ የጀንዲ ቆዳ ይሸታል። ውስጡ አንዲት ቢቸና የሚኖሩ የሞጣ እናት ብቻ ነበሩ። የታሰሩት አንድ ለአምስት አልደራጅም ብለው ነው።

«ከባሌ ጋር አንድ ለአንድ መስማማት ያቃተኝ ሴት ከአምስት ጋር እንዴት ልስማማ?» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ። ከተያዝሁ ወዲህ መጀመሪያ የሳቅሁት ያኔ ነው።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው የተጻፈ ወረቀት አቀረበልኝ። ጥያቄውን ያስጠናኝ አባቴ ነው ይላል።

«ፈርሚና ዛሬውኑ ቤትሽ ግቢ።»

«አባቴስ?»

«እሳቸውን እናነጋግራቸዋለን።»

ምን ዓይነት ማነጋገር እንደሆነ ገባኝ። አልፈረምሁም፤ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መልሼ አስቀመጥሁት። ወደ ክፍሉ መለሰኝ። ለሞጣዋ እናት ነገርኋቸው።

«ጥያቄው የማን ነው?»

«የኔ ነው፣ እማማ።»

«ታዲያ ለአባትሽ ምን ብለሽ ትሰጪዋለሽ?»

በማግሥቱ መርማሪው ፕላስቲኩን ይዞ ግቢው ውስጥ አስጠራኝ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«መዝሪያ ነው።»

«ማን አስተማረሽ?»

«የግብርና ባለሙያው።»

በር ላይ የቆመው ፖሊስ ሳቁ እንዳይታይበት ፊቱን አዞረ። መርማሪው አሳዪኝ አለ። ጎንበስ ብዬ ከሽንት ቤቱ አጥር ሥር አንድ መስመር ዘራሁ።

«ታዲያ ይህ ምን ያደክማል?» ብሎ ተቀበለኝ። ረጅም ሰው ነው። እርጥበት ቀዳዳውን ሲደፍንበት በኃይል አራገፈው፤ ዘሩ አንድ ቦታ ላይ ተዘረገፈ።

«ቀስ ይበሉ፣ ለዶሮ አይደለም የምንበትነው» አልሁት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥሁት።

እሱ ግን ቀጠለ። ግማሽ ሳይደርስ ወገቡን ያዘ። የሞጣዋ እናት ከክፍላችን በር ላይ ሆነው «ጌታው፣ አይዞዎት፤ ጥማድ ሙሉ መሬት ይቀርዎታል» አሉት። ፖሊሶቹ ሳቁን መደበቅ አቃታቸው።

ቢሮ ስንመለስ የትናንቱን ወረቀት ወደ ጎን አድርጎ ባዶ ወረቀት ሳበ።

«በይ ተናገሪ፣ እጽፋለሁ።»

«እኔው ልጻፈው።»

እስክሪብቶውን ሰጠኝ። «ጥያቄው የእኔ ነው። መልሱን እስካሁን አላገኘሁም» ብዬ ጻፍሁ። የጣት ቀለም አቀረበልኝ፤ ሳልነካው ስሜን ከነአባቴ ስም ፈረምሁ።

አባቴን አልጠሩትም። እኔን በዘጠነኛው ቀን ለቀቁኝ። ስወጣ ጤፉ በቅሎ አየሁት፤ የኔው ቀጥ ብሎ፣ የመርማሪው እንደ ቁንጮ አንድ ቦታ ተሰብስቦ።

ዛሬ ሰው መሪውን ሲያወድስ ስሰማ አልከራከርም። መንገዱም፣ መብራቱም ደርሶናል። በመስመር የተዘራውም፣ ብዙ እጅ ላለው ቤት፣ ምርቱ አልከፋም። እኔ ግን ሰባተኛ ክፍል አልገባሁም፤ ታናሽ እህቴም እንደኔው ቀርታለች። ይህ በየትኛው ሪፖርት ላይ እንደሚጻፍ አላውቅም፤ ስለዚህ እዚህ ጻፍሁት።

የተለቀቅሁ ዕለት የሞጣዋ እናት እስከ ክፍሉ በር ሸኙኝ። ጉንጬን ስመው ነጠላዬን ከአፌ ላይ ዝቅ አደረጉት።

«ሌላ ጊዜ ስትጠይቂ እንዲህ አድርጊ፣ ልጄ። ከኋላ ያለነውም እንስማ።»