ጎሮ ላይ ያላመጥኩት ጥቅስ

እኔ ቱግ ባይ ነኝ። የግቢያችን ጥበቃ ሳይቀር መኪናዬን ከሩቅ ሲያይ በሩን የሚከፍተው ሮጦ ነው። ልጄም በእኔ ወጥታለች፤ ልዩነታችን፣ እኔ ስቆጣ እጮኻለሁ፣ እሷ ስትቆጣ ትሄዳለች። የሕክምና ትምህርቷን አቋርጣ የተጣላን ጊዜም እንዲሁ ሄደች። ከጓደኛዋ ጋር ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ተከራይታ መኖር ከጀመረች ወራት አለፉ። ስልኬን አታነሣም ነበር።

በቤተ ክርስቲያን የሴቶች ኅብረታችን የሚያስተምሩን እናት ሳለቅስ አይተው የቤት ሥራ ሰጡኝ። "ብዙ ምዕራፍ ማንበቡን ለጊዜው ተዪው" አሉኝ። "አንድ ጥቅስ ያዢና ላም እንደምታመሰኳ እሱኑ ስታላምጪ ዋዪ። ሽንኩርት ስትልጪም፣ መኪና ስትነጂም።" የሰጡኝ፣ ሰው ሁሉ ለመስማት የፈጠነ፣ ለመናገርም የዘገየ፣ ለቁጣም የዘገየ ይሁን የሚለውን ነው። መጀመሪያ እንደ ስድብ ቆጥሬው ነበር።

ግን ያዝኩት። ጥርሴን ስቦርሽ፣ ሊፍት ስጠብቅ፣ ከሳሊተ ምሕረት ወደ ቦሌ ስነዳ አላምጠዋለሁ። መሥሪያ ቤት ጸሐፊዋ ደብዳቤ ስታበላሽብኝ ወደ መስኮቱ ዞሬ "ለቁጣ የዘገየ፣ ለቁጣ የዘገየ" እላለሁ። እሷም ያመመኝ መስሏት ውኃ ታመጣልኛለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ደወለች።

"ማሚ፣ የምነግርሽ ነገር አለ። መጥተሽ ውሰጂኝ፤ መንገድ ላይ እነግርሻለሁ። ካልጮኽሽ ቤት እገባለሁ። ከጮኽሽ ግን እዚያው እወርዳለሁ።"

አራብሳ ስደርስ ሕንፃው ሥር ቆማ ትጠብቀኛለች። ከስታለች። ለምን ከሳሽ ልላት የከፈትኩትን አፌን መልሼ ዘጋሁት። ሻንጣ አልያዘችም፤ መኪና ውስጥ ስትገባ ጉልበቷ ላይ ያስቀመጠችው ትንሽ ቦርሳ ብቻ ነው። እንደማልጮኽ አላመነችኝም ማለት ነው።

ጎሮ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋግቷል። ልጄ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ማሚ፣ ሕክምናውን የተውኩ ጊዜ..."

ሕክምና የሚለውን ቃል ስሰማ ደሜ ፈላ። መሪውን ጨብጬ ጥቅሴን ያዝኩ። ለቁጣ የዘገየ። ለቁጣ የዘገየ። እሷ ታወራለች፣ እኔ ጥርሴን ነክሼ አላምጣለሁ። አንድ ሚኒባስ ድንገት ፊቴ ገብቶ የጎን መስታወቴን ለጥቂት ሳተው። ሌላ ቀን ቢሆን መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ሰባት ትውልዱን አነሣበት ነበር። ያን ቀን ጡሩምባ እንኳ አልነካሁም። ጌታዬ፣ አየኸኝ? አልኩ በልቤ። እውነቴን ነው፣ ኮርቼ ነበር።

"ታዲያ ምን ትያለሽ?" አለችኝ።

ዞር ብዬ አየኋት። ዓይኖቿ እንባ ሞልተዋል።

"እሺ የኔ ልጅ" አልኳት፣ ድምፄን በጣም አለስልሼ። "እንጸልይበታለን።"

"ምኑ ላይ?"

ዓይኔን ወደ መንገዱ መለስኩ።

"ምኑ ላይ ነው የምንጸልየው ማሚ? ምን አልኩሽ?"

አንድም ነገር አልያዝኩም። ያን ሁሉ ጊዜ ድምፅዋ ከጎረቤት ቤት እንደሚሰማ ሬዲዮ ነበር የሚደርሰኝ። እንዳልቆጣ ስጠነቀቅ ለገዛ ልጄ ጆሮ ዳባ ልበስ ብያለሁ። የጥቅሱ የመጀመሪያው ቃል መስማት ነው፤ እኔ ግን ስንት ሳምንት ስዘለው እንደኖርኩ ያኔ ገባኝና ደነገጥኩ።

ቀበቶዋን ፈታች። "ብትጮኺ ይሻል ነበር" አለች። "ስትጮኺ እንኳ የምለውን ትሰሚያለሽ።"

እጇን የበሩ እጀታ ላይ አደረገች። መኪናዋን እዚያው መንገዱ መሀል አጠፋኋት። የኋላው ሁሉ ጡሩምባውን ለቀቀው።

"አልሰማሁሽም" አልኳት። "እንዳልጮኽብሽ ጥቅስ እየደገምኩ ነበር። እባክሽ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።"

እጇን ከእጀታው አላነሣችም።

"ትምህርቱን ጠልቼው አይደለም" አለች። "አንድ ፈተና ወደቅኩ። ለአንቺ ከመንገር ትምህርቱን መተው ቀለለኝ።"

ከኋላችን የነበረው የታክሲ ሹፌር ወርዶ መጣና መስኮቴን እየደበደበ ይሰድበኝ ጀመር። ጥቅሱን ልይዝ ብል ከየት ይምጣ። ዞሬ የልጄን እጅ አየሁ። አሁንም እጀታው ላይ ነው።

"ቀጥዪ" አልኳት።