የአይጥ ሐኪሙና የጾሙ ክኒን

እናቴ ከአገር ቤት፣ ከወገዳ ደውላ «እህትህን እግሯ ከድቷታል፣ ድረስ!» ስትለኝ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ አንዲት አይጥ በጅራቷ ይዤ ነበር። እንጀራዬ ይኸው ነው። እህቴን የያዛት መልቲፕል ስክለሮሲስ ሰውነት የገዛ ነርቩን ሽፋን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። እኛ አምሳያውን አይጦች ላይ እየፈጠርን፣ የሚያስተኙ መድኃኒቶች በሽታውን ያባብሱት ወይም ያሻሽሉት እንደሆነ እናያለን። እናቴ ይህን ሁሉ አሳጥራ «የአይጥ ሐኪም» ትለኛለች።

በዚያ ሆድ ዕቃ በሚያናውጥ መንገድ «በቃ፣ አለቀላት» እያልኩ አመሻሽ ላይ ደረስኩ። እህቴ መደብ ላይ ተዘርራለች። እግሯን አነሳሁት፤ ስለቀው ዘጭ አለ።

«መጣህ፣ የአይጥ ሐኪም?» አለችኝ። ምላሷ ተሳስሯል፣ ዓይኗ ክድን ክድን ይላል። ያን ዓይን አውቀዋለሁ! መድኃኒት ከወጋኋቸው አይጦች ላይ በየጊዜው የማየው ዓይን ነው።

«እማዬ፣ እግሯ እንዳይገታተር የምትወስደውን ክኒን መቼ መቼ ነው የምትውጠው?»

«ጾም አይደለም እንዴ ልጄ? የጠዋቱንም የቀኑንም ከቅዳሴ መልስ፣ ከማታው ጋር አንድ ላይ ትውጠዋለች። አንዱም አልቀረባት።»

ያ ክኒን ጡንቻ ያላላል፣ ያስተኛልም። «ኧረ በማርያም! ልትገድያት ነው?» ብዬ ጮህኩ። ወዲያው ሐኪሟ ጋ ደወልኩ፤ ሌላ እንዳትጨምር፣ ትንፋሿንም እንድንጠብቅ ነገሩን። እናቴ «አፈር በበላሁ!» ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

እኛ ላቦራቶሪ መድኃኒት ያፈዘዛት አይጥ ሽባ ናት ተብላ አትመዘገብም፤ ሲለቃት ነው የምትታየው። ይህን ለእናቴ ነገርኳት እንጂ እኔ ራሴ ፈርቼ ነበር። መድኃኒቱ ሲለቃት እግሯ አብሮ ባይመለስስ?

ጠዋት መዳፌን ውስጥ እግሯ ላይ አድርጌ «ግፊኝ» አልኳት። ገፋችኝ። «ጠንከር አድርጊው!» አልኩ። «እኔም አይጥ መሰልኩህ?» ብላ ከነበርጩማዬ ገፍትራ ጣለችኝ። ተመስገን! መሬት ላይ እንደተቀመጥኩ አለቀስኩ፣ ሳቅሁም።

የንስሐ አባታችን መጥተው «መድኃኒት ጾም አይሽርም፣ በየሰዓቱ ትውሰድ» አሉ። በምመለስበት ቀን እህቴ የእናቴን ትከሻ ይዛ እስከ ደጅ ሸኘችኝ። እናቴ ጉንጬን ስማ፣ ምንም ሳታሾፍ፣ «እነዚያን አይጦች አመስግንልኝ» አለችኝ።