«ጠጠሩ ውኃችንን አይነካም» ያልሁ እኔ ነኝ

ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ። የከርሰ ምድር ውኃን በሰሌዳ ላይ በሰማያዊ ጠመኔ ስሥል እጄ ይፈጥን ነበር። ጡረታ ስወጣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ማንኩሳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ባለቤቴ በወረሰችው መሬት ላይ ቤት ሠርተን ገባን። የውኃ ጉድጓዱን ቦታ የመረጥሁት እኔ ነኝ። ቆፋሪው «ወደ ታች ወረድ ብንል ይሻላል» ብሎኝ ነበር። ለኩሽናው እንዲቀርብ ብዬ እምቢ አልሁት። ውኃ ወጣ፤ እኔም ለመጣ እንግዳ ሁሉ ጉድጓዱን ሳላስጎበኝ አልሸኝም ነበር።

ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቆብ የደፉ እማሆይ ናቸው። የእሳቸውን ጉድጓድ በወጣትነታቸው ባልና ሚስት ሆነው በእጃቸው ነው የቆፈሩት።

በሁለተኛው ዓመታችን መንገድ የሚሠራ አንድ ተቋራጭ ከመንደራችን ግርጌ፣ ወንዙ ዳር ጠጠር ሊያወጣ መጣ። ቀበሌው ሰው ሰበሰበ። እማሆይ ከኋላ ሆነው «ውኃችንስ እንዴት ይሆናል?» ብለው ጠየቁ። ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ ዞሮ «መምህር ያስረዱን» አለ። ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ቆሜአለሁ። በከዘራዬ መሬቱን እየጫርሁ ተራራ ሣልሁ፤ ወንዝ ሣልሁ፤ ቀስት ጨመርሁበት።

«የእኛ ውኃ ከላይ ከተራራው ነው የሚመጣ። ጠጠሩ ያለው ከታች ነው። ከታች የተቆፈረ ከላይ ያለውን አይነካም። አትሥጉ» አልሁ።

ተጨበጨበልኝ። በሳምንቱ ተቋራጩ «ለመምህር» ብሎ አንድ መኪና ጠጠር በሬ ላይ አራገፈልኝ። የክረምቱ ጭቃ አንገሽግሾኝ ስለነበር አመስግኜ ተቀበልሁ፤ ከበሩ እስከ ደጃፉ አስነጠፍሁት። ከጫማዬ ሥር ሲንኮሻኮሽ ትልቅ ሰው የሆንሁ ይመስለኝ ነበር።

ጥር ላይ ባለቤቴ ባልዲውን ይዛ መጣች። ከባልዲው ታች እፍኝ የማይሞላ ጭቃ አለ።

«ገመዱ አጥሮ ይሆናል» አልኋት።

«ገመዱስ መሬት ነክቷል። ያጠረው ውኃው ነው።»

አሰብሁበት። ከአጥሩ ማዶ የእማሆይን ባሕር ዛፎች አየሁና ደስ አለኝ፤ መልሱ ተገኘ! ባሕር ዛፍ ውኃ እንደሚጠጣ ለስንት ተማሪ አስተምሬ የለ? እኔ ራሴ ደፍሬ መናገር ስላቃተኝ በሰማንያ ዓመት መነኵሲት ላይ ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። እማሆይ ያሉት ይህን ነው፤ «ጎረቤት ከሚደርቅብኝ ዛፍ ይድረቅ።» ለቤታቸው ማደሻ ያቆዩአቸውን ዛፎች በሙሉ አስቆረጡ።

ውኃው መውረዱን ቀጠለ። የምከሰው ዛፍ ሲያልቅብኝ ዝናቡን ከሰስሁ። ዝናቡ ባለፈው ክረምት ሲበዛ እንጂ ሲያንስ አላየንም ብላ ባለቤቴ አሳፈረችኝ።

በዐቢይ ጾም አንድ ጠዋት እማሆይ ጠሩኝ። የእሳቸውም ጉድጓድ ውኃው ሸሽቶባቸዋል፤ ግን አንድም ቀን ሲያማርሩ አልሰማሁም። የጉድጓዳቸውን ገመድ ዘርግተው አሳዩኝ። ላዩ ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ ታስሮበታል።

«ይህችን ነጯን ሰኞ ጠዋት ነው ያሰርኋት፤ ውኃው እስከዚህ ነበር። ይህችን ቀይዋን ሐሙስ። ቅዳሜ ደግሞ እታች። ሰኞ ተመልሶ ነጯ ጋ ይወጣል። አንድ ወር ሙሉ እንዲህ ነው። አንተ የተማርህ ነህ፣ ምን ይመስልሃል?»

«የሙቀት ለውጥ…» ብዬ ጀመርሁ።

«መምህር፣ ሰንበት የሚያከብር ውኃ አይተህ ታውቃለህ?»

 ከታች ከወንዙ በኩል የሞተር ድምፅ መጣ። ለወራት ስሰማው የኖርሁት ነው፤ ድንጋይ መፍጫ ነው ብዬ ንቄው ነበር። እሑድ እሑድ ግን እንደማይሰማ ያን ጊዜ ገባኝ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ።

አብረን ወረድን። ጠጠር የሚያወጡበት ጉድጓድ ከወንዙ ወለል በታች ወርዷል። ሞተሩ ከሥሩ የሚመነጨውን ውኃ እየሳበ፣ ጭን በሚያህል ቱቦ ወንዙ ውስጥ ይደፋዋል፤ ጠጠሩን በደረቁ እንዲያወጡት። የእኛ ጉድጓድ ውኃ ነው እንግዲህ፣ ዓይናችን እያየ የሚሄደው። ስሞታችንን ለተቋራጩ ፎርማን ብነግረው ወጣቱ በትሕትና ሣቀ።

«መምህር፣ አይነካም ብለው ያስረዱት እርስዎ አይደሉ? ቃለ ጉባኤው እኛ ጋ አለ እኮ።»

 እማሆይ ከኋላዬ ቀደሙኝ፤ «ያን ቀን የተናገረው አፉ ነው። ዛሬ የሚናገረው ጉድጓዱ ነው።»

ለወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ ጻፍሁ። «ከዚህ ቀደም የተሳሳተ ማብራሪያ የሰጠሁት እኔ አመልካቹ» የምትለዋን መስመር ለመጻፍ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ከቡሬም የቤት እንጨት አስጭኜ ለእማሆይ ወሰድሁና ይቅርታ ጠየቅሁ። አንዱን እንጨት ጨብጠው አዩት። «የእኔዎቹ ይወፍሩ ነበር» አሉና አስገቡት።

ከጽሕፈት ቤቱ የመጣችው ባለሙያ ተማሪዬ የነበረች ልጅ ሆና ተገኘች። በሁሉም ጉድጓድ ሜትር ጣለች፤ ሞተሩን ሁለት ቀን አስቆመች፤ እንደገና ለካች። ከዚያ መንደርተኛው ፊት እንጨት አንሥታ መሬት ላይ ሣለች። የእሷ ቀስት ከእኔ ቀስት በተቃራኒ ነበር የሚሄደው።

«ታች ዝቅ ያለ ጉድጓድ ውኃው ተስቦ ሲደርቅ የላዩን ውኃ ወደ ራሱ ይስባል። ውኃ ወደ ዝቅተኛው ይሄዳል ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉ፣ ቲቸር?» አለች።

«ነኝ» አልሁ። ተጨበጨበ፤ ለእሷ።

ከብዙ ምልልስ በኋላ ሞተሩ ከቦታው ተነሣ። ተቋራጩ ጠጠሩን ከወንዙ ርቆ ከደረቁ ኮረብታ ማውጣት ጀመረ። ለፋሲካ የእማሆይ ጉድጓድ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። የእኔ ግን ግንቦት በመጣ ቁጥር ይነጥፋል። ባለሙያዋን ምክንያቱን የጠየቅኋት ባለቤቴ እንዳትሰማ ቀስ ብዬ ነበር፤ ጠጠሩ አይደለም፣ ቦታው መጀመሪያውኑ ጥልቀት የለውም። ባለቤቴ ሰምታለች።

አሁን በበጋ ጄሪካኔን ይዤ ከእማሆይ ጉድጓድ እቀዳለሁ። ወንዙ ዳር የተተወው የጠጠር ጉድጓድ ኩሬ ሆኖ ከብቶች ይጠጡበታል። ጠርዙ ስለሚናድ እንዲታጠርልን ጠይቀናል፤ እስካሁን የመጣ የለም። በዚህ ወር አንዲት ጥጃ ገብታ በገመድ ነው ያወጣናት፤ እኔም ጐትቼ ነበር፣ ወድቄ ሱሪዬ ተቀደደ እንጂ።