ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸው ጽዶች

አቶ ገሰሰ ሰውን የሚያምኑት ተገንዞ ከተቀበረ በኋላ ነው እያሉ ጎረቤቶቻቸው ያሟቸው ነበር። ሐሜቱ ከእውነት የራቀ አልነበረም፤ ጥርጣሬያቸውም ያለ ምክንያት አልመጣም። በጦርነቱ ዘመን ቀኝ እግራቸውን ከጉልበቱ በታች አጥተው ተመለሱ። በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ድልድል ደግሞ ገመድ ያነገቡ ሰዎች «ለማወቅ ያህል ነው» ብለው የገብስ ማሳቸውን ለኩ፤ ክረምቱ ሳይገባ ማሳው ለሌላ ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ ገመድ የያዘ ሰው ባዩ ቁጥር ያማትቡ ነበር።

እንጀራቸው ከደብረ ታቦር ዳር፣ ወደ ገሳይ በሚያወጣው መንገድ አጠገብ ያለውን አሮጌ የችግኝ ጣቢያ መጠበቅ ሆነ። ጣቢያው ሥራ ካቆመ ቆይቷል። በገዛ እጃቸው የተከሏቸው ጽዶች ግን አድገው ተዳፋቱን አልብሰውታል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙላቴ፣ «እኔን ያገቡኝ ለስሙ ነው፤ ትዳርዎስ ከጽዱ ጋር ነው» እያሉ ይተርቧቸው ነበር።

በሁለት ሺህ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን፣ አንዲት ወጣት ገመድ ይዛ ወደ ጣቢያው ገባች። ስሟ ፍቅርተ ነው፤ አዳማ ተወልዳ ያደገች፣ በዩኒቨርሲቲው የሕንጻ ንድፍ የምታስተምር።

«እንደምን አደሩ አባባ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ገመዱ ለምንድን ነው?»

«ለከተማው ሕዝብ የስፖርት ቤት ልንሠራ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደውም፣ ዓይነ ስውሩም፣ እርስዎም ያለ ደጋፊ የምትገቡበት። ግድግዳው ከዚሁ አገር ድንጋይ ይሆናል፤ የጣራውን ዝናብ እናጠራቅማለን፤ መብራቱ ከፀሐይ ነው። ጽዶቹንም አንነካም።»

አቶ ገሰሰን ያስጠረጠራቸው ይህ የመጨረሻው ቃል ነው። ስለ ጽዶቹ ማን ጠየቃት? ሳይጠሩት አቤት ማለት ምን ይባላል?

«እኔ ልጄ፣ የምጠነክረው ስሰግድ ነው» አሏት።

«በአንድ እግርዎ ይሰግዳሉ?»

«በአንዱ እግሬ እሰግዳለሁ፤ በሁለቱ ዓይኔ ደግሞ አያለሁ።»

ልጅቱ ሣቀች። እርሳቸው አልሣቁም።

ከዚያ በኋላ ያደረገችው ሁሉ ነገሩን አባሰው። ተዳፋቱን በምርኩዝ ሲወጡ ከታች ቆማ ትመለከታቸዋለች። አንድ ቀን «እስቲ ቀስ ብለው ይድገሙልኝ» አለቻቸው። ለጥበቃ አይበቃም ብለው ሊያባርሩኝ ነው ሲሉ አሰቡ፤ ያን ዕለት በፍጥነት ወጡት። ሌላ ቀን ደግሞ በመወጣጫው ዳር የሚቆመውን መደገፊያ ብረት ውፍረት ለመወሰን መዳፋቸውን ልለካ ብትላቸው፣ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ሸሸጉ። «መሬቴን ለክተው ወሰዱ፤ የቀረኝ እጄ ነው» አሉ።

አንድ ዓርብ ፍቅርተ አንድ ጥቅል ቀይ ጨርቅ ይዛ መጣች። እየቀደደች ከጽድ ወደ ጽድ ሄዳ በየግንዱ አሰረች። በአጥሩ ዳር የተሰለፉትን ባሕር ዛፎች ዘለለቻቸው።

አቶ ገሰሰ ከሩቅ ሆነው አዩዋት። በዚያ አገር የባሕር ዛፍ ነጋዴ ማገር ሊገዛ ሲመጣ የሚቆረጠውን ግንድ ለይቶ ምልክት ያስርበታል። ምልክት የታሰረበት ዛፍ ውሎ ሳያድር ይወድቃል። ይህን የማያውቅ ሰው በአካባቢው የለም።

«አላልሁም?» አሏቸው ማታ ለወይዘሮ ሙላቴ። «ጽዶቼን ሊፈጁ ነው።»

«እንዴ፣ ይጠይቋታ! አፍ አልፈጠረልዎትም?»

«በድልድሉም ጊዜ ጠይቄ ነበር። መልሱን አውቀዋለሁ።»

በማግስቱ የገበያ ዕለት ነበርና በአካባቢው ሰው ዝር አላለም። አቶ ገሰሰ ጨርቁን ከየጽዱ እየፈቱ በባሕር ዛፎቹ ላይ አሰሩት። ሲጨርሱ ቆመው አዩት፤ ዳዊት ደግመው እንደ ጨረሱ ሰው ልባቸው ረጋ።

ሰኞ ጠዋት ይሻው የተባለ ዛፍ ቆራጭ ከአንበሳሜ ባልደረቦቹን አስከትሎ ደረሰ። አቶ ገሰሰ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሊታዘቡት ተዘጋጁ። ሰዎቹ ባሕር ዛፎቹ ሥር ደረሱ፤ ቀዩን ጨርቅ አዩ፤ አለፉት። ተዳፋቱ መካከል ወዳለው ትልቁ ጽድ ሄደው በሁለት ወገን መጋዝ አገቡበት።

አቶ ገሰሰ ነገሩ ቶሎ አልገባቸውም። ሲገባቸው ምርኩዛቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«ተው! አንተ ሰውዬ፣ ተው! ምን እያደረግህ ነው?»

«የታዘዝነውን ነዋ፣ አባቴ!» አለ ይሻው ከላይ ሆኖ። «ቀይ ያለበትን አትንኩ፤ የቀረውን ጣሉ ነው የተባልነው። እኔም ጽድ እንዴት ይቆረጣል ብዬ ገርሞኛል!»

አቶ ገሰሰ በእጅና በጉልበታቸው እየዳሁ ተዳፋቱን ተያያዙት። ሳይደርሱ ጽዱ ጮኸ፤ ተጋደመም። እርሳቸው ሁለተኛውን ጽድ አቅፈው ቀሩ።

ፍቅርተ እየሮጠች መጣች። የወደቀውን አየች፤ ቀና ብላ ባሕር ዛፎቹ ላይ የታሰረውን ጨርቅ አየች።

«ማነው ያዛወረው?»

ይሻው ወደ ሠራተኞቹ ዞረ። «ከእናንተ ማነው? ጽዱን ለራሱ ሊሸጥ ያሰበ አለ፤ ተናገር!» ብሎ የአንዱን ሰው ክንድ ጨመደደ። ሰውየው በማርያም፣ በጊዮርጊስ እያለ ይምል ጀመር።

አቶ ገሰሰ ዝም ቢሉ ያያቸው አልነበረም። ነገር ግን የሚምለውን ሰው ፊት ያውቁታል፤ በድልድሉ ጊዜ የሚሰማቸው ሲያጡ የእርሳቸውም ፊት እንዲህ ነበር።

«ልቀቀው። እኔ ነኝ» አሉ።

«እርስዎ?» አለች ፍቅርተ። «ለምን አባባ?»

«ልትቆርጫቸው መስሎኝ።»

«አልነካቸውም ብዬዎት ነበር እኮ! የሚወድቀው ውኃውን የሚመጥጠው ባሕር ዛፉ ነው።»

«ብለሽኝ ነበር። መቼ አመንሁሽ?»

ልጅቱ ንድፉን መሬት ላይ ዘረጋችው። የመወጣጫው መንገድ ያለ ደረጃ እየተጠማዘዘ ከታች ይነሣል፤ መካከል ላይ ሲደርስ አሁን በወደቀው ትልቁ ጽድ ዙሪያ ይታጠፋል። በጽዱ ጥላ ሥር የደከመ የሚያርፍበት መደብ ተሥሏል። «እርስዎ ሁልጊዜ ቆመው የሚተነፍሱባት ቦታ ናት» አለች። አቶ ገሰሰ ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ። ከዚያም ሳይጠየቁ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉላት፤ እርሷም መዳፋቸውን ለካች።

ቤቱ በዓመቱ ተሠርቶ አለቀ። ፍቅርተ ንድፉን አልለወጠችም፤ መንገዱ ጽዱ በነበረበት ታጥፎ ቀረ። በመክፈቻው ቀን አቶ ገሰሰ መደገፊያውን ይዘው እየወጡ ሳለ ከኋላቸው የነበረ እንግዳ ሰው ጠየቃቸው።

«አባቴ፣ ይህ መንገድ ባዶ ቦታውን ለምን ይዞራል?»

«ጽድ አለበት።»

«የታለ?»

አቶ ገሰሰ በምርኩዛቸው አመለከቱ። ከጉቶው አጠገብ ስንዝር የማትሞላ ችግኝ ቆማለች፤ በአጥሯ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። ሰውየው ሊያያት ጎንበስ አለ።

«በሩቁ!» አሉት። ከዚያም መደቡ ላይ ተቀመጡና፣ ሰውየው በሩን አልፎ እስኪገባ ድረስ ዓይናቸውን ከእጁ ላይ አልነቀሉም።