የአያ አንለይ እግር

ባለፈው ግንቦት፣ አንድ ማለዳ፣ ስልኬ ከማላውቀው ቁጥር ጠራ። ባሕር ዳር ለሚኖር ሐኪም ከማያውቀው ቁጥር ሲደወልለት ወይ ዘመድ ታሟል፣ ወይ የዘመድ ዘመድ ታሟል። ስለዚህ ፉሌን ልጨርስ ብዬ ተውኩት። ደግሞ ጠራ። አነሳሁት።

«ዶክተር፣ የሻረግ ነኝ፤ የአንለይ ልጅ። የአዲስ ቅዳሙ» አለች። ድምፅዋ ሻክሯል። «አባባ ሌሊት አረፈ።»

ነፍስ ይማር ብዬ ማጽናናት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«ከእግሬ ጋር ቅበሩኝ ብሎ ነው የተናዘዘ። ከሁለት ጎረቤቶቻችን ጋር እግሩን ልንወስድ እርስዎ ወደቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን ግቢ መጥተናል። አስተዳዳሪው ግን ‹የመቃብር ቦታ በዘፈቀደ አይቆፈርም፤ የቀበረው ሰው ይመስክር› አሉን። አሁን ቅዳሴ ላይ ናቸው። ሲወጡ እደውላለሁ፤ እርስዎ ይንገሩልኝ። ቀብሩ ስምንት ሰዓት ነው።»

«እሺ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? እዚያ ግቢ ውስጥ የተቀበረ እግር የለም። ኖሮም አያውቅም። ይህንን በዓለም ላይ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

አያ አንለይ እግራቸውን ያጡ ጊዜ እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ዳንግላ ተወልጄ ያደግሁ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር መሪ የነበርኩ፣ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ በአዊ ዞን ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ የተመደብኩ አዲስ ሐኪም። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የኔ እንጂ የቤቱ አይደለም። የእናቴ ወገኖች የገጠር ሰዎች ስለሆኑ አገውኛም አይቸግረኝም። በዚህም የተነሳ የማይስማማ በሽተኛ በመጣ ቁጥር «እሱን ጥሩት» ይባላል፤ እኔም ስጠራ ደስ ይለኝ ነበር። በሽተኛ ማሳመን የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

ነሐሴ ነው፣ የፍልሰታ ጾም። ጉሙ ከመስኮቱ ሥር አልነሳ ብሎ፣ የክፍሉ ግድግዳ እንኳን ወዝቷል። አያ አንለይን ጎረቤቶቻቸው በቃሬዛ እስከ አስፋልቱ ተሸክመው፣ ከዚያ ከሰል በጫነ አይሱዙ ላይ ከጆንያዎቹ መሀል አስተኝተው አመጧቸው። ለከሰል የተከሉትን ዲከረንስ ሲቆርጡ ዛፉ ቅልጥማቸው ላይ ወድቆ ሰብሮት ነው። ወጌሻ በቀርከሃ አጥብቆ አሰረው፤ እሳቸውም አምስት ቀን እቤት ተኙ። ማሰሪያውን ስንፈታው እግሩ ከጉልበት በታች እንደ ከሰሉ ጠቁሯል። ሽታው ሌሎቹን በሽተኞች ከክፍሉ አስወጣቸው።

ቀዶ ሐኪማችን ቃል የማያባክን ሰው ነበር። «ዛሬ ካልተቆረጠ ነገ የምንቆርጠው ሰው የለም። የአገርህ ሰው ናቸው፤ አሳምናቸው» አለኝና ወጣ።

«አያ አንለይ፣ እግሩ ሞቷል። ካልተቆረጠ ይዞዎት ይሄዳል» አልኳቸው።

«ይውሰደኛ! በሁለት እግሬ መጣሁ፣ በሁለት እግሬ እሄዳለሁ።»

ልጃቸው የሻረግ ከአልጋው ግርጌ ቆማ ታለቅሳለች። ያኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነች፤ እናቷ ሞታለች፤ ተሸክመው ያመጧቸው ሰዎችም መሽቶባቸው ተመልሰዋል። በዚያ ከተማ ከአባቷ በቀር ሰው የላትም።

«ሞት አይደለም የሚያስፈራኝ» አሉ እሷን አየት አድርገው። «ትንሣኤው ነው። ሙት ሁሉ ሲነሣ እኔ በአንድ እግሬ ልቁም? እግሬስ ወዴት ብላ ታገኘኛለች?»

እንዲህ ላለው ጥያቄ መልሱ በሕክምና ትምህርት ቤት አልተሰጠንም። እኔ ግን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ነኝና አልደነገጥኩም። እንዲያውም ጊዜዬ ደረሰ አልኩ። ስለምታሰናክል እግር በወንጌል ‹ቁረጣት› ተብሎ የተጻፈውን ጠቀስኩላቸው።

«የኔይቱ መቼ አሰናከለችኝ? ዛፍ ነው የወደቀባት! ጠዋት ጠዋት ኪዳን የምታደርሰኝ እግር ናት» አሉ ተቆጥተው።

ወደ ሰማዕታት ዞርኩ። «አንበሳ የበላቸውን ሰዎች ሰብስቦ የሚያስነሣ አምላክ የእርስዎን አንድ እግር ያጣታል?» አልኩ። ጥሩ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

«እነሱን አንበሳ በላቸው። እነሱ ፈርመው አልሰጡም። እኔን ግን ፈርመህ ስጥ ነው የምትለኝ» አሉ።

ክርክሩን ተውኩና የሚፈረመውን ወረቀት ከመዝገቡ አወጣሁ።

የስምምነት ቅጹን ለየሻረግ ሰጠኋት። እያነባችላቸው መጨረሻው አካባቢ ስትደርስ «የተቆረጠው የአካል ክፍል በተቋሙ ደንብ መሠረት ይወገዳል» አለች።

«ይወገዳል ማለት?» አሉ አያ አንለይ፣ በክርናቸው ቀና ለማለት እየሞከሩ።

የሻረግ ወደ እኔ አየች። ይወገዳል ማለት ምን እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። ከሆስፒታሉ ጀርባ በጡብ የተሠራ የቆሻሻ ማቃጠያ አለ፤ እዚያ ነው የሚሄደው።

«ይቀበራል ማለት ነው» አልኩ።

«የት?»

በመስኮቱ በጉሙ ውስጥ የቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ይታያሉ። «እዚያ ግቢ ውስጥ» አልኩ።

«ማን ይቀብራታል?»

«እኔው ራሴ፣ በእጄ።»

«ማልልኝ።»

ማልኩ። የፈጣሪን ስም ጠርቼ ማልኩ። እሳቸውም አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይታወቅልኝ፤ ስምል ልፈጽመው ነበር። ውሸታም ሆኜ አልጀመርኩም።

ቀዶ ሕክምናው ደህና አለፈ። እግሩን በጨርቅ ጠቅልዬ ጥግ ላይ አኖርኩት። ለማንም ግን አልነገርኩም። ለምን ቢባል፣ አፈርኩ። ዶክተሩ አካፋ ይዞ እግር ሊቀብር ሄደ ብለው እንዳይስቁብኝ ነው። ሰው ገለል ሲል በዝናብ ካፖርቴ ሥር ይዤው እወጣለሁ ብዬ አሰብኩ። በዚያው ቅጽበት ከወሊድ በኋላ ደም የሚፈሳት እናት መጣች፤ ሮጥኩ። እሷን ለማትረፍ ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ስመለስ ጥጉ ባዶ ነው፤ ወለሉም ተወልውሏል።

«እዚህ የነበረውስ?» አልኩት የጽዳት ሠራተኛውን።

«እንደ ሁልጊዜው ወሰድነው ዶክተር» አለኝ። ምን አጠፋ? ሥራውን ነው የሠራው።

ወጥቼ በዝናቡ ቆምኩ። የማቃጠያው ጭስ ዝናቡ ስለተጫነው ወደ ላይ አይወጣም፤ በመሬት በመሬት እየተሳበ ወደ እኔ ይመጣል። ስለዚያ ጭስ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

በማግስቱ አያ አንለይ ከመንቃታቸው «ቀበርካት?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ምኑ ላይ?»

«ከቤተ ልሔሙ ጀርባ፣ ከወይራው ሥር።» ወይራው ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ውሸት ሲጀምሩት ዛፉንም ጥላውንም ራሱ ያበቅላል።

እጄን ይዘው ሳሙት። የኔን እጅ።

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይባላል በአገራችን። እኔ ያኔ የወለድኩት አልነበረኝም፤ የነበረኝ የተናገርኩት ነው፤ እሱኑ አጠፋሁ። አያ አንለይ ሦስት ሳምንት ተኝተው ቁስላቸው ሻረ። የሻረግ ከውጭ የተቀቀለ ድንች በዳጣ እየገዛች ስታመጣ «ዶክተሩ ሳይቀምስ አልበላም» ይላሉ። እኔም ከአልጋቸው ጫፍ ቁጭ ብዬ እበላለሁ። በየቀኑ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። ተስፋ ቆርጠው ይሞቱብኛል ብዬ ፈራሁ፤ ሲበረቱ ደግሞ ደስታቸውን ላጥፋ ወይ አልኩ። በእኛ ሙያ ፈሪ ሰው ዝም ሲል «ለታካሚው ጥቅም ነው» ይባላል።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ ብርድ፣ እንጅባራ መናኸሪያ ተገናኘን። እኔ ወደ ባሕር ዳር ተዛውሬ እየሄድኩ ነው፤ እሳቸው ክራንቻቸውን ተደግፈው ሚኒባስ ይጠብቃሉ። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«ከእግሬ ዘንድ መምጣቴ ነው» አሉኝ። «ዓመት ዓመት እሄዳለሁ። ያልካትን ወይራ አግኝቼ ከሥሯ ድንጋይ ደርድሬባታለሁ። አንድ ቄስ ለምኜም ፍትሐት አስደረግሁላት።»

«ለእግር ፍትሐት አለ እንዴ?» አልኩ፣ ለመሳቅ እየሞከርኩ።

«አንተ ባትቀብራት ኖሮ የት ይደረግላት ነበር?» አሉ። ክራንቻው ብብታቸውን ልጦታል። በዚያ ብርድ፣ በዚያ ክራንቻ፣ ባዶ መሬት ሊሳለሙ ይሄዳሉ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ረዳቱ «ባሕር ዳር! የሞላ ባሕር ዳር!» ብሎ ጮኸ፤ እኔም ጉልበታቸውን ስሜ ገባሁ። መኪናው ዳንግላ እስኪደርስ አለቀስኩ። ማልቀስ ግን መናገር አይደለም።

በዚያ የግንቦት ጠዋት የሻረግ ሁለተኛ የደወለችው ሦስት ሰዓት ሲሆን ነው። በሁለቱ ጥሪዎች መሀል ቆርጬ ነበር፤ እውነቱን እናገራለሁ ብዬ ቃላቱን ሳይቀር አዘጋጅቻለሁ። ስልኩን ለአስተዳዳሪው ሰጠቻቸው። የሽማግሌ፣ የረጋ ድምፅ ነው።

«ልጄ፣ የቀበርከው አንተ ነህ?»

ከኋላ የሻረግ ስታለቅስ ይሰማኛል። ሬሳው አዲስ ቅዳም ይጠብቃል፤ ለቀስተኛው ተሰብስቧል። ባዶ እጇን ስትመለስ ለዚያ ሁሉ ሰው ምን ትላለች?

«አዎ አባቴ።»

«በእጅህ?»

«በእጄ።»

«እንግዲያው እግዚአብሔር ምስክር ነው» አሉና ስልኩን መለሱላት።

ቆፍረው ያጣሉ፤ አፈር በልቶታል ብለው ይመለሳሉ ብዬ ነበር የገመትኩት። ለሕሊናዬም እንዲህ አድርጌ ነው የሸጥኩለት። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ጠራ።

«አገኘናት ዶክተር!» አለች የሻረግ፣ እያለቀሰች። «ከወይራው ሥር፣ እንዳሉት። ሥጋዋ አልቆ አጥንቷ ሙሉ ነው፣ ቅልጥሟ እንኳን አልተነካም። በነጠላ ጠቅልለናት እየሄድን ነው። እግዚአብሔር ይስጥልን!»

ሥራ አልሄድኩም፤ እዚያው ወንበር ላይ ዋልኩ። ያ ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ነው። በዚያ ግቢ የትም ቢቆፈር ሰው አይታጣም። አያ አንለይ በስምንት ሰዓት ማንነቱን ከማላውቀው ሰው እግር ጋር ተቀበሩ። ወይራው ሥር ደግሞ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ሰው እግሩን ተወስዶበት ተኝቷል። እሱን ማንም አልጠየቀውም። እስከዚያ ቀን ድረስ የምጠየቀው በአንድ ሰው ነበር፤ አሁን በሁለት ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ጾም አውርተን ተመለስኩ። ለየሻረግ ልንገራት እላለሁ፤ ብነግራት መቃብሩ ዳግመኛ ይከፈታል፣ እሷም አባቷን ሁለተኛ ትቀብራለች። ብተወውም አይተወኝም። እሷ በየበዓሉ ሳታሰልስ ትደውልልኛለች። «አባባን ሙሉ አድርገው ያስቀበሩልን፣ እርስዎንም ሙሉ ያድርግዎት» ትለኛለች። እኔም አሜን እላለሁ።